ስድስት ጥቁር ሽቦዎች

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ካዝና» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ ካሳካኋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ፊት ለፊት «ጌታው» እያሉ የሚሽቆጠቆጡለት ሰዎች እንኳ ዞር ሲል «ካዝናው መጣ፣ ካዝናው ሄደ» ይላሉ። ካዝና ያልኩት ሀብት ኖሮት አይደለም። የቆለፈው ሙያውን ነው።

ሙያው ዲናሞ መጠገን ነው። የወፍጮ፣ የመጋዝ፣ የውሃ መሳቢያ፣ ምን አለፋችሁ፣ ኤሌክትሪክ ገብቶበት የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ሲቃጠል የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው። ጥሩ ሠሪ ነበር። ይህንን አልክድም፤ በጣም በጠላሁት ሰዓት እንኳ መስክሬለታለሁ። ነገር ግን ዲናሞ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ጆሮውን አያስጠጋም፣ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ አይነካካም። ካቻቢቴውን ያነሣና ጎኑ ላይ የተጣበቀችውን ትንሽ ቆርቆሮ ይነቅላል፤ የዲናሞው ጉልበት፣ የሚፈልገው ቮልትና የፍጥነቱ ልክ የተጻፈባትን። ኪሱ ይከታታል። ከኪሱ ወዴት እንደምትሄድ እህቴም አታውቅም። ቀጥሎ ወደ ሽቦዎቹ ይዞራል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሆነው የመጡትን ቆርጦ ሁሉንም በጥቁር ይቀጥላቸዋል። ቁጥር ካለባቸው ቁጥሩን ይልጠዋል። ሲመልስላችሁ ዲናሞው ይሠራል፤ ግን መታወቂያውን እንደጣለ ሰው ነው፣ ማንነቱን የሚያውቅለት ካዝና ብቻ። ሌላ ባለሙያ ቢከፍተው ጥቁር በጥቁር ሆኖበት መልሶ ይዘጋዋል።

«ምን ነካህ ጋሼ?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሙያ በልብ ነው።»

ይህ ተረት የተተረተው ጉረኛን ዝም ለማሰኘት ነው። እሱ ግን ቁልፍ ቀረጸበት። በዚህም ምክንያት በሰፈራችን ቆርቆሮዋ ያልተነቀለባት ማሽን የለችም። የአናጺው መጋዝ፣ የባለ ወፍጮዋ ወፍጮ፣ የእኔ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ሁላችንም የካዝና ምርኮኞች ነን። ምርኮኛ ደግሞ ሲቆይ ጌታውን ማመስገን ይጀምራል። አናጺው «እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም» ሲል ቆሽቴ ያርራል። እንዴት ይገኝ? ሌላው ሰው ገብቶ እንዳያይ መንገዱን ያጠረው ራሱ ነው።

ለሌላ ሰው ቢሆን እሺ። ለገዛ ልጁም ያው ነው። ልጁን ቶሎ ስለምትነድ «ፊውዝ» እንላታለን፤ ራሷም ስሙን ወዳዋለች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከአባቷ ሱቅ አልወጣችም። ያረጀ ጥቅል መፍታት፣ አዲስ መዳብ መጠቅለል፣ ቫርኒሽ መቀባት፣ ኩሽኔታ መግጠም፣ ሁሉንም አሳልፎላታል። ሽቦዎቹን የማገናኘቱ ሰዓት ሲደርስ ግን ጀርባውን ያዞርባታል። ጎንበስ፣ ሰፋ ብሎ፣ ያቺን ሰፊ ጀርባውን እንደ መጋረጃ ዘርግቶ። እሷ በግራ ብትመጣ ወደ ግራ ይዞራል፣ በቀኝ ብትመጣ ወደ ቀኝ። ያም ካልበቃ «ሂጂ ሻይ አምጪልኝ» ይላል። ሻዩን ይዛ ስትመለስ ክዳኑ ተገጥሟል፣ ብሎኑ ጠብቋል። ያቺ ልጅ በሕይወቷ ያመላለሰችው ሻይ አንድ ሻይ ቤት ይከፍታል።

ኋላ ላይ በራሷ ወጪ ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ተምራ ተመለሰች። «ትምህርት ቤት ውስጥ ዲናሞ አይቃጠልም» ብሎ ሳቀባት። አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የሱቁን ሥራ በሙሉ ማለት ይቻላል የምትሠራው እሷ ናት። ደንበኞቹ ግን ዲናሞውን እጇ ላይ እያስቀመጡ «አባትሽ ይየው እሺ?» ይሏታል። እኔ ብሆን ዲናሞውን እግራቸው ላይ እጥለው ነበር።

እንግዲህ ወደ ቶርኖዬ ልምጣ። ቶርኖዬ ከእኔም ከካዝናም ያረጀ ነው። ብረት ቆንጥጬ፣ እያሽከረከርኩ፣ በስለት እየላጥኩ ዘንግ፣ ጥርስና ብሎን የማወጣበት፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ዲናሞ እንደ ሌላው አይደለም፤ ሁለት ፍጥነት አለው። ማርሹን ሳልነካ፣ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ሳልቀይር፣ መቀየሪያውን ወደ ግራ ሳደርገው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ ሳደርገው በእጥፍ ይፈጥናል። ጥርስ ስቆርጥ በዝግታው፣ ስጨርስና ሳለሰልስ በፍጥነቱ። እንዲህ ያለ ዲናሞ አሁን ገበያ ላይ የለም። ቢኖርም ከዚያ ማሽን ሆድ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ እሱ ተቃጠለ ማለት ቶርኖው በኪሎ የሚሸጥ ብረት ሆነ ማለት ነው። እኔም አብሬው ሚዛን ላይ ልቀመጥ።

አንድ ጠዋት መቀየሪያው ነደደ። ዲናሞው ደህና ነበር፤ የነደደው የጎኑ መቀየሪያ ብቻ ነው፣ ያረጀ ሸክላ ነበርና ፍርክስክስ አለ። ከውስጡ ስድስት ሽቦ ተዘርግፎ ወጣ። ስድስቱም ጥቁር። ላስቲካቸው ደርቆ በእጄ ስነካቸው ይረግፋል። ካዝና ድሮ በገዛ እጁ የቀጠላቸው ናቸው። የትኛው ከየት እንደሚሄድ አይቼ እንዳልይዝ ያን ጊዜ ጀርባውን ለእኔም አዙሮብኛል።

አዲስ መቀየሪያ ገዛሁና ወደ እሱ ሄድኩ። መጣ። ኮቱን አጣጥፎ ሰቀለ፣ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን አየ፣ አንዱን አነሣ፣ ጣለው።

«ነገ እሠራዋለሁ» አለ።

በነጋታው ስሄድ «ነገ» አለ። በሌላው ቀንም እንዲሁ። ነገ፣ ነገ፣ ነገ። ሥራ ያዘዙኝ ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ እሱ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ደሜ ፈላ። ይህ ሰው የሰው እንጀራ መያዙን ያውቀዋል፣ ሲያውቀው ደግሞ ደስ ይለዋል ብዬ አሰብኩ። በልቤ ያልሰደብኩት ስድብ የለም።

ፊውዝ ነገሩን ሰምታ ቴስተሯን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ እኔ ልየው። አያቅተኝም» አለች። ስድስቱን ሽቦ ለያይታ ዘረጋችና ሁለት ሁለቱን መለካት ጀመረች። ሌላ ዲናሞ ቢሆን ስድስቱ ሽቦ በሦስት ጥንድ ይለያል አለችኝ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው ጓደኛውን ብቻ ነው፣ ሌላውን አያውቅም። የእኔው ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር ይነጋገራል። እሷ ለካች፣ እኔ ቁጥሩን በጠመኔ ቶርኖው ላይ ጻፍኩ። ከብዙ ልኬት በኋላ ጠመኔውን ተቀበለችኝና ክብ ሣለች፤ ስድስቱን ሽቦ ክቡ ዙሪያ በየተራቸው አስቀመጠቻቸው።

«ይኸውልህ፤ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ክብ ሠርተዋል። አንዱን እየዘለልክ ሦስቱን ስትወስድ የዝግታው ናቸው፣ የቀሩት ሦስቱ የፍጥነቱ። ችግሩ ክብ መጀመሪያ የለውም። እነዚህ ሦስቱ ናቸው የዝግታው ወይስ እነዚያ ሦስቱ? ቴስተሩ ከዚህ በላይ አይነግረኝም።»

«ብትሳሳቺስ?»

«እያጉረመረመ ይግላል። ካልደረስንበት ይቃጠላል።»

እጄን ከቶርኖው ላይ አነሣሁ።

«አባባ ያውቃል፤ ያገናኘው እሱ ነው። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅበት» አለች።

ተያይዘን ሄድን። እህቴ በር ከፈተችልን። ፊውዝ ክቡን ወረቀት ላይ ገልብጣው ነበርና አባቷ ጉልበት ላይ ዘረጋችው። «አባባ፣ የዝግታው የትኞቹ ናቸው? ይህን ብቻ ንገረኝ።»

ካዝና ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ሙያ በልብ ነው» አለ።

ፊውዝ ነደደች። «በልብህ ይዘኸው ልትቀበር ነው? ልጅህ ነኝ እኮ! የጎረቤት ሌባ ነኝ? ሱቁን ማን ይዞልህ ነው እዚህ ተቀምጠህ የምትውለው? ዕድሜ ልኬን አንዲት ነገር ጠየቅኩህ፣ አንዲት! ያንተን ያህል ስስታም አይቼ አላውቅም!» እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ ግን ማልቀሷን አላወቀችም። ወረቀቱን ነጥቃው ወጣች።

እኔም የራሴን ልጨምርለት አፌን ስከፍት ካዝና ቀና ብሎ አየኝና በቀስታ ጠየቀኝ። «የማን ቶርኖ ነው ያላችሁኝ?»

በዚያው ሳምንት ቶርኖዬ ፊት ኮቱን ሰቅሎ የቆመ ሰው ነው። እህቴን አየኋት፤ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀችልኝ፣ «ተው፣ አትናገር» ማለቷ ነው። ግቢው ድረስ ሸኘችኝና አጥሩ ሥር ነገረችኝ።

«ከጀመረው ቆይቷል። መንገድ ይጠፋዋል። የተለኮሰ ምድጃ ጥሎ ይሄዳል። ሽቦ ፊት ሲቀመጥማ ተወው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ለልጁስ?»

«ከእሷ ነው የሚደብቀው። ‹ረሳ ከምትለኝ ስስታም ትበለኝ› አለኝ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ ካዝናው አልከፈት አለ እያልኩ ስሳደብ፣ ካዝናው ባዶ ነበር። ማን ይጠርጥር? ሌላ ሰው ቢሆን «አላስታውስም» ሲል ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ሐኪም ጋ ይወስደዋል። እሱ ግን ዕድሜውን ሁሉ ተጠይቆ አልመለሰም፤ ዛሬ ባይመልስ ማን ልብ ይለዋል? ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሱ ዝምታ ውስጡ ነቅዞ አልቆ ቅርፊቱ ብቻ ነበር የቀረው። ማዘን ነበረብኝ። አዝኛለሁም። ግን እውነቱን ልናገርና ከሀዘኑ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው። አንዲት ቆርቆሮ ሳይነቅል ቢተው ኖሮ፣ አንድ ቀይ ሽቦ ቀይ ሆኖ እንዲቀር ቢፈቅድ ኖሮ፣ ዛሬ ማሽኑ ራሱ ያስታውስለት ነበር።

ለፊውዝ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? በማግስቱ ጠዋት ሱቄ ስደርስ ቀድማኝ ነበር። ዓይኗ አብጧል፣ አፏ ተዘግቷል። «ካልነገረኝ ዲናሞው ራሱ ይነግረኛል» አለችና ዲናሞውን አስወርዳኝ የኋላ ክዳኑን ፈታች። የዘመናት ዘይትና የብረት ብናኝ በብሩሽ ጠራርጋ፣ ባትሪ እያበራሁላት፣ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቷ ተከትላ እስከሚገባበት ሄደች። ሦስቱ የሚገቡት አንዱ ጥቅል አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ሦስቱ ግን በአንድ ጥቅል ወገብ ላይ። «ከጫፍ የገቡት የዝግታው ናቸው። አለቀ» አለች። የእነዚያን የሦስቱን አፍ በፒንሳ በትንሹ ቆልመም አደረገችውና ሁሉንም አዲስ ላስቲክ አልብሳ ክዳኑን ገጠመች። ዲናሞውን መልሰን ማሽኑ ሆድ ውስጥ አስገባነው።

የቀረው ከመቀየሪያው ማገናኘት ብቻ ነበር። ይኼኔ አናጺው ገባ። ባለ ወፍጮዋም ተከትላው። ወሬ ከሽቦ ይፈጥናል። «እውነት ያለ አባትሽ ልትለኩሺው ነው?» አለ አናጺው፣ ለእኔ ቶርኖ ያሰበ መስሎ። ያሰበው ለመጋዙ ነው። ካዝና ከሌለ የእሱም ዲናሞ ወላጅ አልባ ነውና ሊያጣራ መምጣቱ ነው። ባለ ወፍጮዋ ደግሞ «ኧረ ተይ ልጄ፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች። ፊውዝ ልትመልስላት ስትል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

ካዝና ነበር። ኮቱን ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ የዕቃ ቦርሳው በእጁ። እህቴ ከኋላው ቆማ በዓይኗ ትለማመጠኛለች፤ ልጁ ብቻዋን ልትሠራው መሆኑን ሲሰማ አላስቆም ብሏታል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

«ጌታው መጡ!» አለ አናጺው። በርጩማ ቀረበለት። ካዝና ከማሽኑ ወዲያ፣ ከግድግዳው በኩል ተቀመጠና ስድስቱን ሽቦ አየ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በዚያ በድሮ ድምፁ፣ «የዝግታው እነዚህ ናቸው» ብሎ በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ።

ያልተቆለመሙትን ነበር የቆጠረው።

ሁለት ዕድል ነበረው፣ ግማሽ በግማሽ፤ እሱም ከዳው። እሷ ብትታዘዘው ቶርኖዬ ያልቅለታል። «አይደለም» ብትለው እሱ እዚያው፣ በሰው ፊት፣ በርጩማው ላይ ያልቅለታል። ፊውዝ ጣቱን ተከትላ አየች። ከዚያ ፊቱን አየችው፣ ደህና አድርጋ፣ ምናልባት ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወደ እናቷ ዞረች፤ እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ መሬት አየሁ። ገባት። ሲገባት አየሁ፤ ፊቷ ገረጣ።

«እሺ አባባ» አለች።

መቀየሪያውን አነሣችና ለአናጺው፣ ለባለ ወፍጮዋ፣ ለእኔም ጭምር ጀርባዋን አዞረችብን። ጎንበስ፣ ሰፋ ብላ። አናጺው አንገቱን በግራ ሲያሰግግ ወደ ግራ ዞረች፣ በቀኝ ሲመጣ ወደ ቀኝ። ከእኛ ማንም ያየው ነገር የለም። ከፊቷ የነበረው፣ ማየት የሚችለው፣ ከግድግዳው በኩል የተቀመጠው ብቻ ነው።

ክዳኑን አጠበቀች። «አብራ አጎቴ» አለችኝ።

ማንን እንደታዘዘች አላውቅም። አባቷን ይሆን እጇን? መቀየሪያውን ወደ ግራ አዞርኩት። ቶርኖው ቀስ ብሎ፣ ዘለግ ባለ ድምፅ፣ እንደ ድሮው መዞር ጀመረ። ማጉረምረም የለም። መዳፌን ዲናሞው ላይ ጣል አድርጌ ጠበቅኩ፤ አልጋለም። አቆምኩና ወደ ቀኝ አዞርኩት። ፈጠነ። የመኖሬ ድምፅ ነው፤ አላፍርም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አላልኳችሁም!» አለ አናጺው እያጨበጨበ። «ጌታው በጣታቸው ጠቁመው ብቻ!» ባለ ወፍጮዋ የካዝናን ትከሻ ስማ «ዕድሜ ይስጥዎ» አለችው። ፊውዝን ዞሮ ያያት የለም። እሷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ፈገግ አለች። ከዚያ በመቀየሪያው ሥር የዝግታው ሦስት ሽቦዎች ላይ ቀይ ናስትሮ፣ የፍጥነቱ ሦስት ላይ ቢጫ ናስትሮ ጠመጠመች። እኔ ካዝናን አየሁት፤ «እኔ አይደለሁም» ይላል ብዬ እንደ ሞኝ ጠበቅኩ። ይላል? ኮቱን አስተካከለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ምስጋናውን እንደ ለመደው ቆልፎ ኪሱ ከተተ።

ማሽኑ ተርፎልኝም ንዴቴ አልበረደም። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቦርሳውን ልሸከም ብዬ ተከተልኳቸው፤ እውነቱ ግን ያስቀመጥኩለት ስድብ ነበረኝ። አባትና ልጅ ከፊት ናቸው፤ እህቴና እኔ ከኋላ። ረጅሙን የግንብ አጥር ይዘን እንሄዳለን። ካዝና ቆም አለና ወደ ልጁ ጆሮ ዘንበል አለ። እኔ እንዳልሰማ መሆኑ ነው፤ ግን ጆሮው ስለከበደው ሹክሹክታው ሁሉ ጩኸት ነው።

«እኔ እነዚያን አይደለም ያልኩሽ» አላት። «ሌሎቹን ነው ያሰርሽው። አይቼሻለሁ።»

ፊውዝ ክንዱን ያዘችው።

«ነገ ሱቅ እመጣለሁ። እንዴት እንዳወቅሽው አሳዪኝ።» ትንሽ ተራመደ። «ለማንም አትንገሪ።»

«አሳይሃለሁ አባባ። ግን ቀዩንና ቢጫውን ከነቀልክብኝ ሁለተኛ አላሳይህም። የማንንም ዲናሞ። ቆርቆሮም አትነቅልም።»

ካዝና «እሺ» ያላት እስከ አጥሩ መጨረሻ ድረስ አስቦ ነው።